ጉልበት የሚደርስ ሳር

ጥቅምት 5፣ እሁድ

ዝናብ የለም። ሥራ የለም። ካልሲ አጠብኩ። ከሰዓት እንደ ወትሮው ከእማዬ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት... «ሩቅ ማረፊያ»። ሊያልቅ ሁለት ክፍል ብቻ ቀረው! አገር ያጡ ሰዎችን ጭና ስንት ዓመት ሙሉ ማረፊያ የምትፈልግ የጠፈር መርከብ ናት። ካፒቴኗ አለች። ሎሌ የሚሉት ሮቦት አለ። ከመርከቧ ኋላ ደግሞ ማንም ከፍቶት የማያውቅ በር አለ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ያንን በር ነው።

እማዬ ትሰማለች፣ የማየው እኔ ነኝ። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ወዲህ መስኮቱን ከግድግዳው ትለያለች እንጂ ከዚያ በላይ የለም። ስለዚህ እኔ እነግራታለሁ።

«ምን ለብሳለች?»

«ያው ያንኑ።»

«ያው አትበለኝ። ያው ብሎ ነገር የለም።»

ድሮ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ምን ይፈረድባታል። «ግራጫ ቱታ። እስከ አንገቱ የሚቆለፍ። ክንዱ ላይ እራፊ ተጥፎበታል» አልኳት። «በእጅ ነው በማሽን?» እኔ እንጃ! መጋረጃ ቆራጭ ስለሆንኩ ጨርቅ ላይ ምሕረት የላትም።

ጥቅምት 7

ሐኪም ቤት ዋልን። ሐኪሙ ያንኑ ደገመ። ሞራው በኦፕራሲዮን ይነሣል፣ ግን እየጠነከረ ስለሆነ መዘግየት የለበትም። ቀጠሮ ኅዳር 4። ያ ካመለጠ ወረፋው መቼ እንደሚደርስ እሱም አያውቅም። እማዬ እዚያ እሺ እሺ ስትል ቆየችና ታክሲ ውስጥ፦

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ቢነካኩኝና ይቺው የቀረችኝ ጭላንጭል ብትጠፋስ? መስኮቴን ልጣ? አንተ አለህልኝ። ታይልኛለህ። ምን ጎደለኝ?»

ተናደድኩ። ፈራሁም። ሰው በእኔ ዓይን ዕድሜ ልኩን ሊኖር? ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሱቁን ሙሉ የምፈልግ ሰው ነኝ እኮ።

ጥቅምት 12፣ እሁድ

ካፒቴኗ በሩ ፊት ቆመች። እጇን አነሣች... አለቀ። እስከ ሳምንት ጠብቁ! ቴሌቪዥኑን በትራስ ልለው ምንም አልቀረኝ።

እማዬ ግን ተረጋግታ፦ «እሺ፣ እንዋዋል» አለች። «ያንን በር ከፍታ ከወጣች እኔም እሄዳለሁ። ካልወጣች የሐኪም ነገር እንዳታነሣብኝ።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ቀልድ አይደለም።»

«ማን ቀለደ?»

አልቀለደችም። ዓርብ ይደርሳል ያለችው ልብስ ዓርብ ነበር የሚደርሰው፣ እየታመመችም ቢሆን። ቃሏን አታጥፍም። የጨነቀኝም ይሄው ነው። የእናቴ ዓይን በማላውቀው ድራማ ጸሐፊ እጅ ወደቀ!

ጥቅምት 13፣ ሰኞ

ሱቃችን ሕግ አለው። ሰኞ ሰኞ እስከ ሻይ ድረስ ስለ ድራማው ትንፍሽ ማለት የለም። ካውያ (መጋረጃ ተኳሻችን ነው፣ ስሙን ሁላችንም ረስተነዋል) እሁድ ሌላ ቦታ ስለሚሠራ ክፍሉን የሚያየው ሻይ ላይ በስልኩ ነው። አፉ ያመለጠው ሰው የዕለቱን የተበላሸ ስፌት ሁሉ ሲተረትር ይውላል። እኔ ሁለት ጊዜ ተቀጥቻለሁ።

ዛሬ ሻይ ላይ ትንቢት በትንቢት ሆንን። «ትወጣለች። ካልወጣች ፀጉሬን እላጫለሁ» አለች ባለማሽኗ። ከፊቴ ባለው ማሽን ላይ የምትሰፋው ልጅ ናት፣ የድራማውን አፍቃሪዎች ግሩፕ የምትመራውም እሷ። ካውያ ደግሞ፦ «ሎሌ ነው የሚከፍተው። ሎሌን ንቃችሁታል።»

እኔ ሻዬን አማስላለሁ።

«አንተ ምን ሆነሃል? ፊትህ እንደ ተጨማደደ ገበር ሆኗል» አለችኝ ባለማሽኗ። ምንም አልኳት። ምን ልበላት?

ጥቅምት 19፣ እሁድ

አለቀ።

መጀመሪያ ያየሁትን ልጻፍ። ካፒቴኗ ወደ በሩ ሄደች። ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም። እጇን በሩ ላይ አሳረፈች። በሩ እያቃሰተ ተከፈተ። ነጭ ብርሃን። ሰፋ፣ ሰፋ፣ ስክሪኑን ሞላው። ከዚያ የሠሩት ሰዎች ስም መውረድ ጀመረ። በቃ! ወጣች? ሞተች? እኔ ምን አውቄ!

እማዬ ክንዴን ጨመደደችኝ። «ምን ሆነ? ወጣች? ንገረኝ እንጂ!»

«ወጣች» አልኩ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አፌን ማን ይያዘው። «ሳር ነው እማዬ። ለምለም ሳር፣ ጉልበት የሚደርስ። ሰዎች ቆመው ይጠብቋታል። ያጨበጭባሉ። ቱታዋን አውልቃዋለች፣ ከውስጥ ቢጫ ቀሚስ ነው፣ ወገቡ ሰብሰብ ያለ። ሎሌ ሳሩ ውስጥ እየተንገዳገደ ይከተላታል...» እንደዚህ አሳምሬ ነግሬያት አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምናገረው።

ክንዴን ለቀቀችኝ። ከዚያ፦ «ቀሚሱ እጅጌ አለው?»

«አጭር እጅጌ።»

«እሺ። ቃል ቃል ነው። ውሰደኝ።»

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ምን አደረግኩ አልኩ።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

ጦርነት። ባለማሽኗ ዓይኗ አብጦ መጣች፣ በሻርፕ ተሸፋፍና። (ፀጉሯ አለ፣ አይቻለሁ።) ካውያ ሻይ ላይ አይቶ ሲጨርስ ስልኩን መታ መታ አደረገው።

«ኔትወርክ ሄደ።»

«አልሄደም። እሱ ነው መጨረሻው።»

«ምኑ?»

«ነጩ።»

«ሂጂ ወዲያ!»

ሲጨቃጨቅ ካውያውን የሰው መጋረጃ ላይ ረሳው። ቅርጹ ቁጭ ብሎ ቀረ፣ ቡናማ፣ ሹል አፍንጫ ያለው። አለቃችን ከቢሮዋ ወጣች፦ «ሞታለች የምትሉ በዚህ! ደርሳለች የምትሉ በዚያ! ሥራ የምትሠሩ መሀል!» መሀል ማንም አልቆመም። እሷ ራሷ ትንሽ ቆይታ ሞታለች ወደሚሉት ጠጋ አለች።

ግሩፑ ውስጥ አንዱ «ስንት ዓመት የጠበቅነውን በር ከፍተው ኖራ ቀቡን» ብሎ ጽፏል። ሌላዋ ምግብ አልበላ አላት አሉ። እኔም ለአንድ መስኮት ሁለት የግራ መጋረጃ ክንፍ ቆርጬ ተገኘሁ። ጨርቁ ፊትና ጀርባ ስላለው ገልብጬ አላመልጥም። ከሻይ በፊት አፉ አምልጦት ስፌት ሲተረትር የዋለው ማን እንደሆነ ግን አልጽፍም።

ጥቅምት 23

ጎረቤታችን ጋሼ፣ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር... ክፍል ባለቀ ቁጥር «ጠፈር ውስጥ ድምፅ አይሰማም!» እያሉ የሚቆጡ፣ አንድም ክፍል ግን ያላመለጣቸው። እማዬ በረንዳ ላይ አገኘቻቸው። እኔ ማድቤት ሆኜ እሰማለሁ።

«ሳሩስ መምህር፣ እንዴት ያምር ነበር!»

«የምን ሳር? እኔ ነጭ ብቻ ነው ያየሁት።»

«ጉልበት የሚደርሰው። እኔ እንጃ፣ የእኔ ልጅ ጤነኛ ዓይን ነው ያለው። እርስዎ ዓይንዎን ያስመርምሩ።»

ድስቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ጥቅምት 25

ካውያ ጠዋት እየሮጠ ገባ። «ሰምታችኋል? ሁለተኛ መጨረሻ አለ! ሌላ ጣቢያ ላይ ታይቷል! ሳር አለ፣ ጉልበት ድረስ! ቢጫ ቀሚስ!»

ጋሼ ናቸው። ከእማዬ የሰሙትን «ከታመነ ምንጭ» ብለው ግሩፑ ላይ ጽፈውታል። አገር ምድሩ ሳሩን ፍለጋ ወጥቷል። አንዱ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ይላል፣ እንደውም ቀሚሱ ብርቱካናማ እንጂ ቢጫ አይደለም ብሎ ይከራከራል! የእኔን ቀሚስ! በራሴ ቀሚስ ልከራከረው ጣቴን ስልኩ ላይ አሳርፌ ተውኩት።

«ጆሮህ ለምን ቀላ?» አለችኝ ባለማሽኗ።

ምሳ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኗን ተደግፋ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ ድንገት አቆመች።

«እናትህ ከሰው አፍ ብትሰማስ?»

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ከዚያ በፊት ብትሰማ ነው የምልህ። የአንተ ወሬ ከፈረሰ የእሷም ቃል አብሮ ይፈርሳል።»

እውነቷን ነው። ዛሬ ማታ... አይ፣ ነገ ጠዋት ጋሼ ዘንድ።

ጥቅምት 26፣ እሁድ

ሄድኩ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት።

«ማለት የታመነው ምንጭ አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አዋረድከኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። ስለ ቀጠሮው ነገርኳቸው። ስለ ቃሏም፣ ስለ መስኮቷም። መነጽራቸውን መለሱ።

«እስክታይ ድረስ ከእኔ አፍ አይወጣም» አሉ። በር ላይ ሸኝተውኝ ደግሞ፦ «እዚያ ዝናብ ይዘንባል? ሳር እኮ ያለ ውሃ አይበቅልም።»

«ይዘንባል» አልኩ።

«ጥሩ» ብለው ዘጉት።

ኅዳር 3

ነገ ነው። እማዬ ቦርሳዋን ራሷ በዳበሳ አዘጋጀች። ልነግራት አፌ ላይ ደረሰ።

«እማዬ...»

«ምን?»

«ፎጣ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ካፒቴኗ በሩን ስትነካ ፈርታ ነበር?»

«ጀርባዋ ነበር የሚታየው። ፊቷን አላየሁትም።»

እሱ እንኳ እውነት ነው።

ኅዳር 4

ገባች። ወጣች። ፋሻ። እጄን አልለቀቀችም።

ኅዳር 5

ፋሻው ተነሣ። ለጊዜው ቀኙ ብቻ ነው፣ ግራው ይቆያል። ዓይኗን አርገበገበች። ሐኪሙን አየችው። መስኮቱን አየች... እዚያው ላይ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልትል ይሆን?

«ይሄን ሸሚዝ ማን ነው የሰፋልህ? ኮሌታው ተንጋዷል።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን። ነርሷ ውሃ ሰጠችኝ።

ኅዳር 10

እስካሁን አልነገርኳትም። ቤቱን እየዞረች ታያለች፣ አቧራውን ሁሉ አገኘችው። በስንት ዓመት ያልተናገረችኝን በአንድ ሳምንት ተናገረችኝ። ደስ ይላል። ግን ሰው ስለጮኸ የመጨረሻው ክፍል ሳምንት እሁድ በድጋሚ ይታያል ተባለ። አልነግራትም እንዴ? ፈሪ!

ኅዳር 17፣ እሁድ

ቤቱ ሞላ። ጋሼ መጡ። ባለማሽኗ መጣች፣ ጎኔ ተቀመጠች። ካውያም ሥራ አስፈቅዶ መጣ፣ እሱ ዛሬም ሳሩን ነው የሚጠብቀው። እማዬ ከፊት፣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ስባ።

ካፒቴኗ በሩ ጋ ስትደርስ አልቻልኩም። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«ዝም በል፣ ልይበት።»

ተከፈተ። ነጭ። ነጩ ፊቷ ላይ አረፈ። ስሞቹ ወረዱ።

«ሳሩስ?» አለ ካውያ።

«ሳሩ የልጄ ነው» አለች እማዬ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! «ታውቂ ነበር?»

«ያጨበጭባሉ አልከኝ። እኔ የበሩን ማቃሰት ነው የሰማሁት። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

«ከመጀመሪያውም?»

«ከመጀመሪያውም።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። መታየት እንዲህ ነው ለካ። «በአንተ ዓይን ዕድሜዬን ልጨርስ ብዬ ነበር። ያየኸውን ነበርና የምትነግረኝ። አንተ መጨመር ስትጀምር ግን... የራሴ ያስፈልገኛል አልኩ።»

ጋሼ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሁላችንም። ካውያ ብቻ ግራ ገብቶት ስሞቹን እያነበበ ነበር።

«እኔንስ ለምን ዓይንዎን ያስመርምሩ አሉኝ?» አሉ ጋሼ።

«ሳሩ ደስ ስላለኝ ነዋ መምህር! እንዲህ ያለ መጨረሻ ለብቻ ይያዛል?»

ሰው ሲሄድ ብርጭቆ እያጠብን ነበር። ቀስ ብላ፦ «ፈርተህ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔም» አለች።

ግሩፑ ላይ ባለማሽኗ እውነቱን ጻፈች። ግማሹ ሰደበን። ግማሹ ደግሞ የእኛ መጨረሻ ያ ነው፣ ሌላ አንቀበልም አለ። ብርቱካናማው ሰውዬ ዛሬም በዓይኔ አይቻለሁ ይላል።

ታኅሣሥ 1፣ እሁድ

አዲስ ድራማ ተጀመረ። ባሕር ውስጥ ያለ ከተማ ነው አሉ። እኔ ማድቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። እማዬና ባለማሽኗ ተጠጋግተው ስለ አንዲት ተዋናይ ቀሚስ ከፈፍ ይጨቃጨቃሉ፣ በእጅ ነው በማሽን እያሉ። ባለማሽኗ ሦስተኛ እሁዷ ነው። ማንም አልጋበዛት፣ ማንም አልጠየቃት፣ ወንበሯ ግን ታውቋል።

«ምን ለብሳለች?» ብዬ ጮህኩ።

«ያው» አለች እማዬ።

«ያው አትበይኝ!»

«ሰማያዊ ነው። ትከሻው የተሸበሸበ። ከኋላዋ ሳር አለ፣ ጉልበት የሚደርስ።»

ባሕር ውስጥ ሳር? ቢላዋውን ጥዬ ሮጥኩ።

የለም። ውሃ ብቻ። ባለማሽኗ ፊቷን በትራስ ሸፍናለች። እማዬ ስክሪኑን እያየች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ በአዲሷ ዓይኗ ጠቀሰችኝ።