በረሃ የወረደው ባቡር ጣቢያ

ሚያዝያ 8
እስከ አምስት ሰዓት መብራት አልነበረም። ሲመጣ ግን... ሠራ! የባቡር ጣቢያ ስም ስጽፍ፣ ፕሮግራሜ ስዊዘርላንድ ያለውን ክፍት ኤፒአይ፣ ለማንም ፕሮግራም መረጃ የሚያቀብለውን፣ ጠይቆ ጣቢያው ያለበትን ይነግረኛል። «ዙሪክ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከነቁጥሩ በዝርዝር መጣ። ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ! ባቡር በዓይኔ አይቼ እንኳ አላውቅም።
የክፍሌ ልጅ ደምለው «ጎበዝ፣ የብርጓል» አለኝ። ኖት ልገልብጥበት ብሎ ፕሮግራሙ ያለበትን ፍላሼን ተዋሰኝ። የመመረቂያ ርዕሴን ሰኞ አስመዘግባለሁ።

ሚያዝያ 15
ሌባ! ደምለው ፕሮግራሜን ቀድሞኝ በስሙ አስመዝግቦታል። ዘንድሮ ከእኛ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ነው ረዳት መምህር ሆኖ የሚቀረው... ለዚያ ነዋ። ርዕስ የሚመዘግቡት መምህር ሙላት ዘንድ ሄድኩ። ማስረጃ አለሽ ወይ አሉኝ። የለኝም አልኩ። ሌላ ርዕስ ፈልጊ ተባልኩ።

ሚያዝያ 24
ደብረ ኤልያስ ሄጄ ለአባባ ነገርኳቸው። የቅኔ መምህር አይደሉ? አልተቆጡም።
«በእኛ ጉባኤ የሰው ቅኔ ሰርቆ የተቀኘ አይከሰስም። ምሥጢሩን ንገረን ይባላል። ያን ጊዜ ራሱ ይናገራል። ዝም በይ፣ ልጄ።»
ዝም? እኔ?

ግንቦት 6
ስህተት አገኘሁ... የራሴን። ኤፒአዩ ከሁለቱ የቦታ ቁጥሮች ኬክሮሱን ያስቀድማል፤ እኔ ኬንትሮስ መስሎኝ ገልብጬ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ገና ካርታ ላይ ሳየው ዙሪክ ሶማሊያ በረሃ ላይ ቁጭ ብላለች! ደምለው የወሰደው ይህንኑ ነው። የስም ዝርዝሩን እንጂ ካርታውን ከፍቶ አያውቅም። ልንገረው?
አልነግረውም። ይዋረድ።

ሰኔ 11
ደምለው ነገ ያቀርባል። ጾም ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ... ቂሙ የእኔ፣ ስርቆቱ የእሱ።

ሰኔ 12
ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝርዝሩን አሳየ፣ ተጨበጨበለት። መምህር ሙላት ካርታ ላይ አሳየን አሉት። ነካው። ዙሪክ በረሃ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለምን እንደዚህ ሆነ ሲሉት ዞር ብሎ አየኝና ጣቱን ቀሰረብኝ።
«እኔ አይደለሁም። ኮዱን የጻፈችው የብርጓል ናት። እሷ ናት ያበላሸችው።»
ሁለት ወር ያጣሁት ማስረጃ... በሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ አፉ!
ተነሥቼ የሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ቀየርኩ። ዙሪክ አገሯ ገባች። መምህር ሙላት ስሙን ሰርዘው የእኔን ጻፉ። ደምለው አቀርቅሮ ወጣ። አላዘንኩለትም። ነገም የማዝንለት አይመስለኝም።
ከግቢ ሳልወጣ ለአባባ ደወልኩ። «ተናገረ» አልኳቸው።