ሁለት እጅ የሚፈልግ መቆለፊያ

ሰኞ

ኤጭ! ይኼኛውንም ቀዳዳ አበላሸሁት። መሰርሰሪያው ሸርተት አለና ጣውላው ተሰነጠቀ። ከሰዓት በኋላዬ ገደል ገባ።

ጋሼ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያየኛል። "ምንድነው የምትቀጠቅጪው?" አለኝ። "የጌም ሣጥን ነው፣ ለአንተ" ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወንድሜ እንዲህ አልነበረም። ስትሮክ ቀኝ እጁን ከመታው ወዲህ ግን ከእኔ ይልቅ ግድግዳ ይወዳል። ፀጉር አስተካካይ ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ የሁርሊንግሃም ሐበሻ ሁሉ ሠርግ ሲኖርበት የሚሮጠው ወደ እሱ ነበር። አሁን ከወንበሩ ኋላ ሌላ ሰው ቆሟል።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ማማ ንጄሪ ባለፈው በር ላይ ያዝ አድርጋኝ፣ "እጁ አልሞተም፤ ካላሠራው ግን እንደደረቀ ይቀራል" አለችኝ። እሱ ግን እንዲጨምቀው የሰጠችውን ኳስ በመስኮት ወርውሮታል። ስለዚህ ጌም። ናይሮቢ የመጣን ሰሞን ዌስትላንድስ ካለው የገበያ ማዕከል ዘበኛው ገፍቶ እስኪያስወጣው ድረስ ከጌም ማሽኑ አይላቀቅም ነበር። ሌላ የሚወደው ነገር ቢመጣልኝ ኖሮ በጣውላ አልጨቃጨቅም።

ማክሰኞ

ሆነልኝ! ሣጥኑን የሰፈሩ አናጢ፣ ፉንዲው፣ ከአሮጌ ቁምሣጥን ሠራልኝ። ስክሪኑ ስልክና ኮምፒውተር ከምጠግንበት ሱቅ የተጣለ ነው። የእኔ ሥራ ከፊት የሚገቡት፣ የሚቀያየሩት ሰሌዳዎች ናቸው፦

አንዱ ለሁለት እጅ። ጆይስቲክ በግራ፣ ቁልፎች በቀኝ።
አንዱ መኪና መንጃ፣ መሪ ያለው።
አንዱ ለግራ እጅ ብቻ። ጆይስቲኩ መሐል ላይ፣ ቁልፎቹ አውራ ጣት በሚደርስበት ዙሪያውን።

ሽቦው ከሥር በአንድ ሶኬት ይሰካል። ግራና ቀኝ እንደ ሻንጣ መቆለፊያ አለ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ተጭኖ ሰሌዳውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው። ደጋግሜ አወጣሁት፣ አስገባሁት። ቀጭ! ቀጭ! እሰይ የኔ እጅ!

ጋሼ "ጩኸቱ ራሴን አመመኝ" አለ።

ረቡዕ

ስቲማ ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ። ምንም አልተሠራም። ጋሼም እራት አልበላም።

ሐሙስ

ተቀመጠ። በገዛ እግሩ መጥቶ ሣጥኑ ፊት ተቀመጠ! የግራ እጁን ሰሌዳ ገጥሜለት ነበርና ጥቂት ተጫወተ፤ አንዴም "አገኘሁህ!" ሲል ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት።

ከዚያ መኪናውን አማረውና ሰሌዳውን ሊቀይር ተነሣ። በደኅና እጁ የግራውን መቆለፊያ ተጫነ። አልወጣም። ትቶት የቀኙን ተጫነ፤ የግራው ተመልሶ ተቆለፈ። እንደገና። እንደገና። ከዚያ ሳቀ፤ ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

"ጎበዝ! ለአንድ እጅ ሰው ሠርተሽ ሲያበቃ መቀየሪያውን ለሁለት እጅ አደረግሽው።"

እውነቱን ነው። ስሞክረው የሞከርኩት በራሴ ሁለት እጆች ነው። አንዴ እንኳ አንዱን እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ልየው አላልኩም።

"አስተካክለዋለሁ" አልኩት።

"ተይው። ይሄን የሽባ ሰሌዳሽንም ከፊቴ አንሺልኝ።"

ደሜ ፈላ። "ኳሱን ወረወርክ፣ እኔንም አንሥተህ ወርውረኛ!" ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እጄ አመድ አፋሽ ነው፤ ድሮም።

ዓርብ

ሳንነጋገር ወጣሁ። ፉንዲው በአንድ እጅ የሚከፈት መቆለፊያ ነገ እሰጥሻለሁ አለኝ። "ፖሌ፣ ዳዳ" አለኝ ደግሞ፤ ፊቴን አይቶ ነው አይዞሽ እህቴ ያለኝ። ወንድሜ አላለኝም እሱ ያለኝን።

ማታቱ ተሳፍሬ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ፣ ብተወውስ? አልኩ። አገር ቤት እልከውና እናቴ ትየው፤ እኔ ደከመኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ ጠላሁት። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ቅዳሜ

መቆለፊያውን ይዤ ገባሁ። የግራ እጁ ሰሌዳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሣጥኑ ላይ የሁለት እጁ ገብቷል። ግጥም ብሎ።

"ማን መጥቶ ነበር?"

"ማን ይመጣል?"

"ታዲያ ማን ቀየረው?"

ጠጋ ብዬ ሣጥኑን አየሁት፤ በቀኝ መቆለፊያ በኩል ጣውላው ጭረት በጭረት ሆኗል። ቀኝ እጁን ጋቢው ሥር ደብቋል። ገለጥኩት። አውራ ጣቱ ተልጧል፣ ደሙ ደርቋል። ያ የመቆለፊያው ስፕሪንግ ጠንካራ ነው፣ የእኔንም ጣት ልጦታል።

"ተጫወትክበት?"

"አይታዘዝም!" አለ በንዴት። "ጣቴ ቁልፉ ላይ ይደርስና ይቀራል። ስሸነፍ ዋልኩ። ሥራ ብለሽ ሠርተሽ ሞተሻል!"

"አንተ ደግሞ ምስጋና ሲያልፍም አይነካህ" አልኩት። ጣቱን በአልኮል ስጠርግለት እጁን አልነጠቀኝም። ነገ ይተወው ይሆናል፤ አውቀዋለሁ፣ አላምነውም።

"ያ የያዝሽው ምንድነው?" አለኝ።

"ምንም" አልኩና በአንድ እጅ የሚከፈተውን አዲሱን መቆለፊያ ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።