ያልተቀመጥኩበት የአባዬ ወንበር

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለእንግዳ ተክለብርሃን፤ ጁባ።

እንዴት ሰነበትክ? የጁባ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? የውዳሴስ ወገቧ ተሻላት? እኔ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ወኔ ይከዳኝና ስለ ዲላ ዝናብ አውርቼ እዘጋለሁ።

አባዬ በየምሳ ሰዓቱ መሥሪያ ቤት እየቀረ ይጽፍልህ የነበረውን የእማዬን ታሪክ ላኪልኝ ብለሃል። ሳታውቃት ስለሞተች ላንተ ብሎ ነበር የሚጽፈው። እንግዳዬ፣ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አባዬ ባረፈ በሦስተኛው ሳምንት እኔና እሱ አብረን የምንሠራበት መሥሪያ ቤት የሁላችንም ፋይል የሚቀመጥበትን አሮጌ ሰርቨር ሊቀይር ሆነ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ እኔ ነኝና ማዛወሩ ለእኔ ተሰጠኝ። ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ሠራተኛው በየማሽኑ በስሙ ይከፍትልኛል፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እገለብጣለሁ። የአባዬ ተራ ሲደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ኮቱ ገና ወንበሩ ላይ ነበር። ቤት እንኳ እሱ ከሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጠን አናውቅም፤ አርባው ሳይወጣማ እንዴት ብዬ? ስለዚህ ከራሴ ጠረጴዛ ሆኜ ፕሮግራሙ በአባዬ ስም እንዲገባ አደረግኩ። የይለፍ ቃሉን ነግሮኝ ነበር፤ ያንተ ስም ነው። ገባ። ጽሑፎቹን የሚያስቀምጥባትን ዜድ የምትባለውን ድራይቭ ግን የለችም አለኝ። በፍላሽ ወደ ቤት ወስዶት ይሆናል ብዬ፣ ሁሉም ተዛውሯል ስል ፈረምኩ፤ አሮጌው ሰርቨር ተደመሰሰ።

ከአርባው በኋላ ቤቱን ባገላብጥ ፍላሽ የሚባል የለም። ደንግጬ የኮምፒውተር መጽሐፍ ገለጥኩ። ለካ ዜድ ሰርቨሩ ላይ ላለው ማኅደሩ የተሰጠች አጭር ስም ናት፤ የምትታየውም ባለቤቱ ማሽኑ ላይ በስሙ ሲከፍት ብቻ ነው፤ ፕሮግራም የሰው ስም ይዞ ቢገባ ፈቃዱን ያገኛል እንጂ ድራይቩ አብሮት አይመጣም። የማኅደሩን ሙሉ አድራሻ ብጽፍ ኖሮ ይከፈትልኝ ነበር። ወይ ደግሞ አምስት ደቂቃ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ። ይኸው ነው የእህትህ ሙያ!

ትናንት ተቀመጥኩበት። ስምህን ጽፌ ገባሁ። ዜድ ወጣች፤ ማኅደሩ የለም የሚል ቀይ ምልክት ተደርጎባት። ኮቱን አቅፌ አለቀስኩ።

አክስታችን አልጣሽ በጣም ናፍቀሃታል። ሀዲጃ ጎረቤታችን ከለቅሶው ቀን ጀምሮ አልተለየችኝም፤ ሰላም በዪልኝ ብላለች። ውዳሴን ሰላም በልልኝ፤ ልጃችሁን ኤልቤቴልን ጉንጯን ሳምልኝ። አንተ ብትቆጣኝም እፈርድልሃለሁ፤ ዝም ግን አትበለኝ።

አባዬ አንድ ቀን ጠርቶ ያስነበበኝ ትንሽ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱንም ሳልረሳው ልጻፍልህ። እማዬ ሐኪም ቤት ሳለች፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ከጎኗ እንዳያነሱህ የነጠላዋን ጫፍ እግርህ ላይ ታስር ነበር።

እህትህ ፍሬ
ዲላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2003 ዓ.ም.