ዲነር በስንት ሰዓት ነው?

ለውድ እህቴ ለሞሪን፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ኮሊን ደኅና ነው? የአውስትራሊያ ሙቀት አላቀለጣችሁም? እኛ ከብርዱ በቀር ደኅና ነን። ይህን የጻፈችው ሚስቴ መሰለችሽ? አይደለችም! የማታ ትምህርቴን ጨርሼ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። አስተማሪዬ «እንዳንተ ጽሕፈት የሚያምር አላየሁም» ብላኛለች። ሌላም ብላ ይሆናል፤ እኔ የሰማሁት ይህን ነው።

ሥራም አግኝቻለሁ። ከፖሊሶች ጎን የማኅበረሰብ ድጋፍ ሠራተኛ ሆኛለሁ። ካቴና የለን፣ ዱላ የለን፣ ማሰር አንችል፤ ሥራችን በእግር እየዞሩ ሰው ማወቅ ነው። በዚህ ሥራ ባልደረባዬን ግሌንዳን የሚያክላት የለም። የሰፈሩን ውሻ ሁሉ በስሙ ትጠራለች።

ባለፈው ሐሙስ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ኮኒ ሆልሮይድ ደወለች። ባሏ ክሊፎርድ፣ አእምሮው የሚስትበት የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ ካፖርት ሳይደርብ ወጥቶ ጠፍቷል። ውጭው በረዶ ነው። ቀድሜ ደርሼ «መቼ ወጣ?» ብላት «ዲነር እንደበላን» አለችኝ። አንድ ፊደል ሳልገድፍ «ከዲነር በኋላ» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ለፖሊሱ ለቶቢ ሰጠሁት። ቶቢ የለንደን ልጅ ነው። አንብቦ በቤቱ ዙሪያ ጓሮ ለጓሮ አሰማራን።

ግሌንዳ መጥታ «ምነው እዚሁ ትርመሰመሳላችሁ?» ስትለው፣ «ከወጣ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው፤ ከራት በኋላ ይላል» ብሎ ጽሑፌን አሳያት።

ወደ እኔ ዞራ ጮኸች። «አንተ ጅል! ለኛ ለሰሜን ሰዎች ዲነር ምሳ መሆኑን ይሄ የለንደን ልጅ በምን ይወቅ? ኮኒ ከምሳ ጀምሮ ስትፈልገው ነው የዋለችው! ከወጣ ስድስት ሰዓት አልፎታል!»

እታለም፣ በቆንጆ ጽሕፈቴ ሰው ልገድል ነበር!

ግሌንዳ ግን «ይሄን ያህል ከቆየ የድሮ ሥራው ድረስ ሄዷል» ብላ ቶቢን ወደ ተዘጋው የምንጣፍ ፋብሪካ አስነዳችው። ክሊፎርድ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። «አልነሳም፣ ፈረቃዬ ነው፣ አለቃዬ ይቆጣል» አለ። ቶቢ ሊያነሳው ሲል ግሌንዳ ገፋ አደረገችው። ካፖርቷን አልብሳው አጠገቡ ቁጭ አለች። «ፈረቃው አልቋል፣ የኔ ጌታ። እኔም ወደ ቤቴ ነኝ፤ አብረን እንሂድ» አለችው። እጇን ይዞ ተነሳ።

መኪናው ውስጥ ቶቢ «ታዲያ ራትን ምን ትሉታላችሁ?» አለ።

«ሻይ» አለችው።

«ሻይንስ?»

«እሱንም ሻይ! ዝም ብለህ ንዳ አንተ ልጅ!»

ሐኪሞች ቤት ድረስ መጥተው አዩት፤ ተርፏል። ኮኒ ተንበርክካ እርጥብ ካልሲውን አወለቀችና እግሩን በጉያዋ አሞቀችው። ግሌንዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬ ላይ ምግብ አልጽፍም፤ ሰዓት ነው የምጽፈው።

ኮሊንን እቀፊልኝ። ቲናን አጎትሽ ናፍቆሻል በያት፤ ትንሹን ጆርዲን ጉንጩን ሳሚልኝ። ሚስቴ ሺላም ሁላችሁንም ሰላም ትላለች።

ወንድምሽ ኪት
ሃሊፋክስ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.