የሊድያ የፍሬን ሸራ

ለውድ እኅቴ ለጤናዬ፣
ባሕር ዳር

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ ደባርቆች ብርዱን ከመርገም በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጄ ሊድያ ከብት ለመከተብ በሞተር ሳይክል ዛሪማ ትመላለሳለች። የፍሬኗ ሸራ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ሸራው ላይ ያለችው ቦይ ተበልታ ስትጠፋ መቀየር እንዳለበት አሳይቻታለሁ፤ መካኒኳ ግን ብረት ከብረት እስኪፋጭ ያስጠብቃታል። ደንቆሮ!

«አባዬ፣ ይቆማል እኮ» ትለኛለች።

«የት ደርሶ ነው የሚቆመው?» እላታለሁ።

የገረመኝ ሌላ ነው። ሸራው እንዲያ እያለቀ ቤንዚኑ ግን ይበረክታል። ነገሩ አልገጥም ብሎኝ ሰነበተና እሑድ ሸራውን ስቀይርላት ጠየቅኋት።

«ሊማሊሞን ሞተር አጥፍቼ ነዋ የምወርደው!» ብላ ሳቀች። «ቤንዚን እንደሆነ የለም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚወርደው።»

ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ! ማርሽ ካልያዘው ሸራው እንደሚግል፣ ከጋለ ደግሞ እንደማይይዝ እየጮህሁ አስረዳኋት። «እሺ» አለችኝ። እሺታዋን ታውቂዋለሽ።

አንቺን ትሰማለችና ደውይላት፤ ጻፈልኝ ግን እንዳትዪ። ሁለት ጥንድ ሸራም ላኪልኝ፣ ኦርጅናሉን።

አሁን ጠዋት ጠዋት እግሬን ላፍታታ ብዬ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ እሄዳለሁ። ሊድያ ስትወርድ ሞተሯ እስኪርቅ ድረስ ይሰማል። ዛሬ ገና የመጀመሪያውን ኩርባ ሳታልፍ ድምፁ ቀጥ አለ። ንፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ይሆናል።

ልጆቹን በየስማቸው ሳሚልኝ። መድኃኔዓለም ሁላችንንም በጤና ያገናኘን።

ወንድምሽ ቻላቸው
ከደባርቅ