አሥራ አንድ ጊዜ ታረምኩ

ሸቤ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሸዋረገጥ
አዳማ

ሸዋዬ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እህትሽ ቤት ከገባሽ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ብርድ ሲነካው ያጉረመርማል። ይህን ጽሕፈት አይተሽ «ደግሞ ማንን አስቸግሮ አስጻፈ?» ብለሽ እንደሆነ ማንንም አላስቸገርኩም። እጁም የራሴ፣ እስክሪብቶውም የራሴ፣ የተንጋደደውም መስመር የራሴ ነው። የቡና መጋዘኑ ሠራተኞች ባቋቋምነው የማታ ትምህርት ስምንት ወር ተምሬ ባለፈው እሑድ የምስክር ወረቀት ወስጃለሁ። ከአሥራ ዘጠኝ ተማሪ አራተኛ ወጣሁ። ከፊቴ ያሉት ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ በወንድ በኩል እንግዲህ ማን አንደኛ እንደሆነ አንቺው አስቢው።

ከዚያ በፊት የሆነውን ጉድ ግን ልንገርሽ። ሌላ ሰው ከነገረሽ ያበላሸዋል።

ታውቂኛለሽ፣ የአባቴ ምንሽር ከትከሻዬ አይወርድም። ፈቃዱ በኪሴ ነው። ለመጋዘኑ ጥበቃ እይዘዋለሁ፣ ለሠርግ እይዘዋለሁ፣ ለለቅሶም እይዘዋለሁ። ትምህርት ስጀምርም ይዤው ገባሁ፤ ጉልበቴ ላይ አጋድሜው ሀ ሁ አልኩ። መምህራችን ሰሎሜ የመጀመሪያው ቀን «ጋሽ ሣህሉ፣ በር ላይ ቢያስቀምጡትስ?» ብላኝ ነበር። ዝም ብዬ አየኋት። ሁለተኛ አላነሳችውም።

በታኅሣሥ ላይ ሰሎሜ፣ «የግድግዳ ጋዜጣ እናወጣለን፤ ያሻችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ፣ በጻፈው ማንም አይጠየቅም» አለችን። እኔ የጣልኩትን ከርከሮ ጻፍኩ። ጫካ ውስጥ መካከለኛ ከርከሮ ነበር፤ ወረቀት ላይ ሲወጣ በቅሎ አከለ። ለጥፌው ዞር ስል አጠገቡ ካለው ጽሑፍ ላይ ስሜን አየሁት። ሰው ጽፎት ስሜን ሳነብ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ልቤ ሙቅ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩበት። የጻፈችው ዘይቡ ናት፣ እዚሁ መጋዘን ቡና የምትለቅመው የሙሐመድሳኒ ሚስት። እንዲህ ይላል፦

«ጋሽ ሣህሉ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይማራሉ። አፈሙዙ ወደ እኔ ነው። እኔ ስሳሳት ያርሙኛል። እሳቸው ሲሳሳቱ ሁላችንም ትክክል ነው እንላለን። ስለዚህ ከሁላችን ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ የሚነግራቸው ግን የለም።»

አልዋሽሽም፣ ደሜ ፈላ። ያናደደኝ የአፈሙዙ ነገር አልነበረም። እኔ እኮ የክፍሉ አንደኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ስህተት ያልተገኘብኝ ሰው ነበርኩ። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወጥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ኑሪ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ከኋላቸው ዘይቡ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ አጎንብሳለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ይቅርታ ነው» አሉ አባ ኑሪ። «በእናንተ ወግ ይሁንለት ብለን ነው።»

«በእነማን?»

«በደገኞቹ።»

«አባ ኑሪ፣ እኔ የተወለድኩት ጅማ በቾ ቦሬ ነው። የድንጋይ ይቅርታ በወሬ ነው የማውቀው።»

ዘይቡ ከድንጋዩ ሥር ሆና፣ «ታዲያ ቶሎ ተነጋገሩ፤ ወላሂ ይከብዳል» አለች።

ድንጋዩን አወረድኩላት። «ለመሆኑ ሣህሉ ተቆጥቷል ያላችሁ ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አባ ኑሪ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ሳይናገር ወጣ አሉን። የታጠቀ ሰው ዝም ሲል፣ ልጄ፣ እኛ ሌላ ምን እንገምት?» አሉኝ።

ይህቺ ነገር ከጽሑፉም ይልቅ ዘልቃ ገባችኝ። የሁለት ልጆች እናት በአምስት መስመር ጽሑፍ ድንጋይ ተሸከመች። እኔ ተሸከሚ አላልኳትም፤ ያላት ትከሻዬ ላይ የተንጠለጠለው ነው።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። አመሻሹ ላይ ክፍል ስንገባ ወንድወሰን ተነሣ። የክፍሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ እሱም ክላሹን ይዞ ነው የሚማረው። ጽሑፉ ይቀደድ፣ ዘይቡም ከትምህርቱ ትሰናበት አለ። ዘይቡ ደብተሯን በሻሿ ጠቅልላ ለመውጣት ተዘጋጅታለች።

«እኔ መቼ ተቆጣሁ?» አልኩት።

«አንተ ባትቆጣም እኛ ተቆጥተናል። መሣሪያ የያዘ ሁሉ ተሰድቧል።»

«ወንድወሰን፣ ስድቡ የወጣው በእኔ ስም ነው። ተካፈሉልኝ ብዬ ማንን ለመንኩ?»

ከኋላ ሳቅ አመለጠ።

«ለመሆኑ አንብበኸዋል?»

«ነግረውኛል።»

«እንግዲያው ላንብብልህ።»

ከግድግዳው ነቅዬ፣ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። መሃል ላይ መሳሳቴን ራሴም አውቄዋለሁ። «ተሳሳትኩ?» አልኩ። «ኧረ ትክክል ነው» አሉኝ፣ ሁሉም፣ ሰሎሜም ጭምር። ሸዋዬ፣ ያኔውኑ ወጥቼ ጠመንጃውን ለበረኛው ለአብዱልሃዲ ሰጠሁት። ባዶ እጄን ተመልሼ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ዘይቡ፣ «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። ሌላዋ ቀጠለችና «ቅድምም እዚያ ላይ» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ ስድስት ወር ያጠራቀሙትን በአንድ ምሽት አወረዱብኝ። በአምስት መስመር አሥራ አንድ ጊዜ ታረምኩ። ከሸቤ እስከ ጅማ ይህን ያህል የታረመ ወንድ አለ ቢሉሽ እንዳታምኚ።

ሰሎሜ የወንድወሰንን ነገር በድምፅ እንወስን ብላ እጅ አስወጣች። አሥራ ስምንት ለአንድ። ዘይቡ ከትምህርቷ አልተነቀለችም፣ ጽሑፏም ቦታው ተመለሰ፣ መሣሪያ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አብዱልሃዲ ጋ ይቀራል። ወንድወሰን በሩን አላግቶት ወጣ። በሦስተኛው ቀን ግን መጣ። ክላሹ የለም፣ ትከሻው ግን ከልምድ ብዛት ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ዘይቡ፣ «ጋሽ ወንድወሰን፣ ቀና ይበሉ እንጂ» ስትለው ሳይወድ ሳቀ። አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ሽልማቷን ስትቀበል ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ካላመንሽ መዳፌን ጠይቂው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። የምስክር ወረቀቱን የወሰድኩ ዕለት የላክሽልኝን ሦስት ደብዳቤዎች ከሣጥን አወጣሁ። ባለሱቁ ቲጃኒ ነበር የሚያነብልኝ። በእሱ ንባብ ደህና ነሽ፣ አየሩ ተስማምቶሻል፣ እህትሽም ሰላም ትለኛለች። ራሴ ሳነበው ግን እንዲህ የሚል አገኘሁ፦

«ሃያ ሁለት ዓመት ራስጌያችን ላይ ጠመንጃ ተሰቅሎ ስኖር አንድ ቀን እንኳ አይሆንም ብዬህ አላውቅም። አይሆንም ማለት አምሮኝ ነው የሄድኩት።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሱቅ ሄጄ ቲጃኒን፣ «ይህን ለምን ዘለልከው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጠመንጃውን ባንኮኒዬ ላይ አጋድመው አንብብ ሲሉኝ ምኑን ላንብብ?» አለኝ።

ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ወጣሁ።

ጠመንጃው አሁን ከሥራ ሰዓት ውጭ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚያድረው። ራስጌው ላይ የቀረው ምስማሩ ብቻ ነው። የምስክር ወረቀቴን ልሰቅልበት አስቤ ነበር፤ አንቺን ሳልጠይቅ አልሰቅልም ብዬ ተውኩት።

ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ እግርሽ የረገጠው ይደላደል፣ ክፉ ዓይን አይይሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ትመለሻለሽ? እሺም ብትዪ አይሆንምም ብትዪ በእጅሽ ጻፊልኝ። ቲጃኒ ጋ አልወስደውም።

ያንቺው
ሣህሉ