በቤንዚን ስለተወለወለው የእህቴ ውጤት

ለክቡር አቶ ጉተማ፣ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ሮቤ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ አላህ ሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ፤ በተለይ ለወገብዎ፣ ቢሮዎ በተመላለስኩባቸው ዘጠኝ ቀናት ከወንበርዎ መነሳት ሲያቅትዎ አይቼ አዝኛለሁና። እኔ መርዋ አሊዪ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ያለኝ፣ አምና ከትምህርት ቤትዎ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰችው የቢሊሱማ ታላቅ እህት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት፣ በእጅዎ የሰጠሁዎት ሦስት ማመልከቻዎች ፋይል ውስጥ ናቸው ተብዬ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ስላጣሁ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። ቢሊሱማ ጎባ ኮሌጅ ነርስነት ለመማር ተመርጣለች፤ የጎደላት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ብቻ ነው። ውጤቷ የነበረው ደግሞ በእርስዎ ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም ተበላሽቷል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ሥልጠና ወስደው እንደተመለሱ፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ የወረቀት ዘመን ማብቃቱን ስላበሰሩን አመሰግናለሁ። የተማሪዎች ውጤት የሰፈረባቸው ሮስተሮች ኮምፒዩተር ውስጥ ከተጻፉ በኋላ አንድም ሳይቀር ከመጋዘን ወጥተው ለባለሱቆች የስኳር መጠቅለያ ሆነዋል። ከተማው ያን ሰሞን ስኳሩን በሒሳብ ውጤት ጠቅልሎ ሲወስድ ሰንብቷል፤ ትምህርትን እንዲህ በየቤቱ ያዳረሰ ሌላ ርእሰ መምህር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

2ኛ፦ ኮምፒዩተሩን ከሲናና የስንዴ ማሳ በኩል ከሚመጣው የኮምባይነር አቧራ ለመጠበቅ፣ ባለቤትዎ በእጃቸው የሠሩትን ውብ ዳንቴል ስላለበሱት አመሰግናለሁ። ማሽኑ በርቶ ሲሠራም ዳንቴሉ አይነሳም ነበር። ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቀዳዳ መታፈኑን ብናገር፣ የክብር ዕቃ ራቁቱን እንደማይቀመጥ አስተምረውኛል።

3ኛ፦ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር አስጠርተውኝ ነበር። ዳግመኛ እንዳይበራ፣ እንዳይፈታ፣ እንዳለ ታሽጎ አዲስ አበባ ቢሄድ መረጃውን ሊያወጡ የሚችሉ ባለሙያዎች መኖራቸውን ተናገርኩ፤ እኔው አውቶቡስ ተሳፍሬ ላድርሰው ብዬም ለመንኩ። እርስዎ ግን የመንግሥት ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ ከግቢ እንደማይወጣ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ኮሚቴም ገና እንዳልተቋቋመ በትዕግሥት አስረዱኝ። ኮሚቴው እስኪቋቋም ድረስ ምናልባት ተሽሎት እንደሆን እየተባለ በየጠዋቱ ይበራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የንብረት ክፍሉ አቶ ደጀኔ በእርስዎ ትእዛዝ ክዳኑን ፈተው፣ ውስጡ ያለችውን፣ መረጃው ሁሉ የተጻፈባትን የምታብለጨልጭ ሳህን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ወለወሏት። የሁለት ዓመት ውጤት በሁለት ደቂቃ ጸዳ። እጃቸው ይባረክ፣ ምንም አላስቀሩም።

4ኛ፦ የምትኩን አመራረጥ በሚመለከት። በጥያቄዎ መሠረት ምን ዓይነት ሃርድ ዲስክ እንደሚገዛ አንድ ገጽ ጽፌ ሰጥቼ ነበር፦ ኮምፒዩተሩ አሮጌ ስለሆነ የሚቀበለው ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ የሚሰካበትን ብቻ እንደሆነ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ግድ እንደሌለ፣ ይልቁንም ሁለት ተገዝቶ በአንዱ ቅጂ ተይዞ ሌላ ክፍል እንዲቆለፍበት። የስፖርት መምህሩና የጥበቃ ኃላፊው ያሉበት የግዢ ኮሚቴ አራት ጊዜ ተሰብስቦ፣ የገመዱን ነገር ለአንድ ነጋዴ ያደላ ነው ብሎ፣ ሁለተኛውን ዲስክ ደግሞ ብክነት ነው ብሎ ሰረዘ። ከጻፍኩት የተረፈው ሃርድ ዲስክ የሚለው ብቻ ነው። ከሦስት ፕሮፎርማ ተመርጦ የተገዛው ሮቤ ውስጥ ከተገኘው ሁሉ ትልቁ ነው፤ ገመዱ ግን ጠባብ ሆኖ አልገጥም አለ። አሁን እንደታሸገ ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ እያነሱ ያሳያሉ አሉ።

5ኛ፦ የጎባው ምዝገባ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቢሊሱማ መጥታ ስትለምንዎ፣ ገና ልጅ ስለሆነች ዘጠነኛንና አሥረኛን ደግማ ብትማር የተሻለ ውጤት ልታመጣ እንደምትችል ስለመከሯት አመሰግናለሁ። ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ልጅ ናት። ዓርብ ምዝገባው ሲዘጋ ሻንጣዋን ከፍታ ልብሶቿን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሣጥን መለሰች። ጨዋነቴን ለአፍታ ይፍቀዱልኝና፣ ክቡር ሆይ፣ አፈርኩብዎ።

ኮሌጁ ውጤቷ የጠፋው በትምህርት ቤቱ ጥፋት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ካመጣች እስከ መጪው ሰኞ ሊጠብቃት ተስማምቷል። እርስዎ ግን ጥፋት የምትለዋ ቃል ከበደችዎ፤ ለኮሚቴ እመራዋለሁ አሉ። እባክዎ፣ ይህ ሥራ ኮምፒዩተር አይፈልግም፤ አንድ መስመር፣ ብዕርና ማኅተም ይበቃዋል።

ለእርስዎ ያላት አክብሮት እንደ ሃርድ ዲስክዎ ዳግመኛ የማይነሳ፣ ሆኖም ለሰላምታ ከመቀመጫዋ ብድግ የምትል፣

መርዋ አሊዪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ደጀኔ የወለወሏትን ሳህን መጣል ስላሳዘናቸው ቢሮዎ መግቢያ ላይ በሚስማር ሰቅለዋታል። ሐሙስ ዕለት ቢሊሱማ እርስዎን ስትጠብቅ ሻሿን ያስተካከለችው እሷን እያየች ነው። ጥሩ መስታወት አላቸው ብላኛለች። ምን እንደሆነች አልነገርኳትም፤ ዛሬ እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ከሱቄ በር ላይ ታነበዋለች።